ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስም

እስራኤል፣ አፉላ፣ ጊቫት ሃሞሬ
ፌብሩዋሪ 2 ቀን 2025

ለወንድሜ ለአለኸኝ፣

እንደምን ከርመሃል? ደህና ነህ ብዬ ልመን፤ ደህና ባትሆን ኖሮ ከመንግሥት አንድ ሰው ይነግረን ነበር። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ሮንም ደህና ነው። እሱም እንዳንተ ወታደር ሆኖልሃል፣ ልዩነቱ በየዓርቡ የቆሸሸ ልብሱን ተሸክሞልኝ መምጣቱ ነው።

ይኼ ሦስተኛው ካርቶን ነው። በመጀመሪያው በሶና ዳቦ ቆሎ ላክሁልህ፣ ዝም አልክ። በሁለተኛው ካልሲ፣ የእግር ዱቄትና የጥርስ ሳሙና ላክሁልህ፣ ዝም አልክ። አሁን ቋንጣ አድርጌበታለሁ። ስድስት ቀን በረንዳዬ ላይ ሰቅዬ ያደረቅሁት ነው፤ ጎረቤቴ ናዖሚ ሽታው ቤቴ ገባ ብላ ለሕንፃው ኮሚቴ ከስሳኛለች። ለዚህም ዝም ካልክ ከዚህ በኋላ ምን እንደምልክ አላውቅም።

ካርቶኑ ተቀዶ ነው፣ ጠፍቶ ነው ብለህ ደግሞ እንዳታመካኝ። ዕቃ ማሸግ እንጀራዬ ነው። ኢንዱስትሪ ቀጠናው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሳሽግ እውላለሁ፣ ያሸግሁት ባሕር ይሻገራል፣ አንድም ቀን ተበትኖ ተመልሶብኝ አያውቅም። ያንተንም በፋብሪካው ፕላስተር ሦስት ዙር ጠምጥሜ፣ "አለኸኝ እንግዳ" ብዬ በጥቁር ማርከር በአራቱም ጎን ጽፌበታለሁ። ልብስ የምትነግደው ጓደኛዬ ማዓዛ ዕቃ ልታመጣ ስትሄድ አዲስ አበባ ድረስ በእጇ ትወስደዋለች፤ የፊተኞቹም ከዚያ ወደ ደቡብ ሱዳን ከእናንተ ስንቅ ጋር ሲጫኑ በዓይኗ አይታለች።

የምለምንህ አንድ ነገር ነው። በመጪው ሱኮት፣ በዳስ በዓል፣ ፋብሪካው ይዘጋል፤ ጎንደር ልሄድ ነው። የአባታችንን መቃብር የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ። እዚያ ደብር ስንት መቃብር እንዳለ ታውቃለህ፣ ግማሹ ስም የለውም። ሰው ጠይቄ እንዳልሄድ ከአንተ በቀር ሰው የለኝም። ስድስት ዓመት ስልኬን አላነሣህም፣ ደህና፣ አታንሣ። የት እንዳረፈ ብቻ ጻፍልኝ። ሁለት መስመር ይበቃል። ቁጥሬን እንደገና ከሥር ጽፌዋለሁ፤ መጻፍ ከሰለቸህ ደውል።

እህትህ ሐረግ


ደቡብ ሱዳን፣ ከካምፕ
የካቲት 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወይዘሮ ሐረግ፣

በቅድሚያ ሰላምታዬን፣ ቀጥሎም ይቅርታዬን አቀርባለሁ። እኔ ሃምሳ አለቃ አለኸኝ እንግዳ እባላለሁ። ትውልዴ ጎጃም፣ ቢቸና ነው። እህት የለኝም። ሁለት ወንድሞች አሉኝ፣ ሁለቱም ቋንጣ ልከውልኝ አያውቁም።

እስካሁን ዝም ያልኩበትን ላስረዳ። የመጀመሪያው ካርቶን ሲመጣ ስሜ በአራቱም ጎን ተጽፎበታል። ወረቀቱ ላይ "ወንድሜ" የሚለውን ሳነብ ለሰላም አስከባሪ ሁሉ የሚታደል የአንድ ማኅበር ስጦታ መሰለኝ። በሶውን ከጓዶቼ ጋር ጨረስነው። ሁለተኛው ሲመጣ ትንሽ ጠረጠርኩ፣ ነገር ግን ካልሲ አልነበረኝም። እግሬ አርባ አምስት ቁጥር ነው፣ ካልሲው ተረከዜ ጋ ሲደርስ ይቆማል፣ ቢሆንም አደረግሁት። በሦስተኛው ስለ አባት መቃብር ሲጽፉ ግን የሰው ደብዳቤ እያነበብኩ እንደሆነ ገባኝ። የእኔ አባት በሕይወት አለ፤ ባለፈው ሳምንት እንኳ ስለ አንድ በሬ ተጨቃጭቀናል። በጣም አፈርኩ።

ቋንጣውን በተመለከተ፣ ዛሬ ሁዳዴ ገብቷል። አምሳ አምስት ቀን እንደማንነካው እያወቁ እንዳልላኩት ስለማምን አልተቀየምኩም። በላስቲክ አስሬ አልጋዬ ሥር አስቀምጬዋለሁ። ሽታው ግን የድንኳኑን ሰው ሁሉ ጾም አክብዶበታል።

በሻለቃችን ውስጥ ሌላ አለኸኝ ካለ አፈላልጌ ላድርስልዎ። የአባቱን ስም ይጻፉልኝ። ደውል ያሉትን አልፈጽምም። እዚህ ስልክ የሚሠራው የውኃ ማጠራቀሚያው ጎን ቆመው ነው፣ ወረፋ የያዘው ሁሉ ይሰማል። የሰው ቤት ጉዳይ እዚያ ቆሜ አላወራም። ለዕረፍት በሚወጣ ጓድ እጅ መጻፉ ይሻላል።

አክባሪዎ
ሃምሳ አለቃ አለኸኝ እንግዳ


አፉላ
ማርች 16 ቀን 2025

ሃምሳ አለቃ፣

በመጀመሪያ ካልሲውን አውልቅ። አርባ ቁጥር ነው፣ የወንድሜ እግር ልክ ነው፣ አንተ ከለጠጥከው በኋላ ለማንም አይሆንም። አንተ ስልህ አትቀየም፤ በሶዬን ለበላ ሰው አንቱ ማለት አልሆንልህ አለኝ።

ሁለት ወር ሙሉ ወንድሜ አነበበልኝ ብዬ ደስ ሲለኝ ነበር። አይመልስም እንጂ ቢያንስ እጁ ገብቷል እል ነበር። ለካ በቢቸና ሰው ፊት ነው ስለማመጥ የነበረው። ማዓዛን ስነግራት ሳቀች። ሁለት ሳምንት አላናገርኳትም።

ሁዳዴን ረስቼው ነው። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ገድፌ አላውቅም። ወደዚህ አገር ባሌን ተከትዬ ከገባሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው። ሃይማኖቱን ተማርኩ፣ ተፈተንኩ፣ አይሁድ ሆንኩ፤ አሁን ጾምና በዓል የምቆጥረው በሌላ ነው። የምጽፍልህን ቀን እንኳ አየኸው፣ ካንተ በስምንት ዓመት ይቀድማል። ለጾመኛ ቋንጣ መላኬ ግን አሳፍሮኛል፣ ይኼን አልክድም።

የአባቱ ስም ማንያዘዋል ነው። አለኸኝ ማንያዘዋል። እንግዳ አያታችን ናቸው። እዚህ አገር ሰው ያለው ሁለት ስም ብቻ ነው፣ የራሱና የቤተሰቡ። ስንገባ ወረቀት የሞላችልን ሴትዮ ሦስቱንም ስም ነገርኳት፤ የፊተኛውንና የኋለኛውን ወሰደች፣ መሃለኛውን ተወችው። ከዚያ ወዲህ በመታወቂያው፣ በሐኪም ቤቱ፣ በበሬ ደወል ላይ ሳይቀር ሐረግ እንግዳ ነኝ። እጄ ለምዶ ለወንድሜም እንደዚያው ጻፈ። አንተ ከጎጃም ተነሥተህ የአያቴን ስም በአባትነት ይዘህ እንደምትጠብቀኝ በምን ልወቅ?

አፈላልገው። ሾፌር ነው። ቀጭን ነው፣ ብዙ አያወራም፣ ሲናደድ ግራ ጆሮውን ይጎትታል። ደብዳቤዎቼን ሁሉ ስጠው። የበላኸውን ይቅር ብዬሃለሁ።

ሐረግ


ከካምፕ
መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐረግ፣

ካልሲዎቹን አውልቄ፣ አጥቤ፣ ገመድ ላይ አሰጣሁ። ስመለስ ሁለቱ ጥንድ የሉም። በሠራዊታችን መካከል ሌባ አለ ብዬ መጻፍ ያሳፍረኛል፣ ግን የሉም።

ወንድምዎን አገኘሁት። ፍለጋም አላስፈለገም። የውኃ ቦቴ የሚነዳው ሰውዬ ነው፤ ፊቴን የምታጠብበትን ውኃ ሰባት ወር ያመጣልኝ እሱ ነው። ሁላችንም "ሾፌሩ" ስለምንለው ስሙን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

ካርቶኑን ከነቋንጣው ፊቱ አስቀመጥኩለት። ጽሑፉን አየ። አዙሮ በሌላው ጎንም አየ። ግራ ጆሮውን ጎተተ።

"ይኼ የእኔ አይደለም" አለኝ። "እኔ የማንያዘዋል ልጅ ነኝ። ማንያዘዋል የሚል የት አለ? ላንተ ነው የተጻፈው፣ ብላው።"

"ጾም ነው" አልኩት።

"እንግዲያው ለፋሲካ ብላው።"

ደብዳቤዎቹንም አልተቀበለኝም። የአባቱ ስም እንዴት እንደቀረ፣ ወረቀት ስለሞላችው ሴትዮ፣ ሁሉንም አስረዳሁት። "አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ እስክሪብቶ አጣች?" ብሎኝ ሄደ።

እትዬ ሐረግ፣ እኔ በሁለት ሰው መካከል ቁም ስባል የምቆመው መሣሪያ ይዤ ነው። ይኼኛው ከብዶኛል። የስም ብቻ እንዳልሆነ ደግሞ ያስታውቃል። ምን እንዳደረጉት ባውቅ መግቢያ አገኝ ነበር።

አለኸኝ እንግዳ


አፉላ
ኤፕሪል 24 ቀን 2025

ለሁለተኛው አለኸኝ፣

እንኳን አደረሰህ። ቋንጣውን እንደጨረስከው አልጠራጠርም። በዚህ ካርቶን ዳቦ ቆሎ የለም፤ በእኛ ፋሲካ ሳምንቱን ሙሉ ዱቄት ከቤት ይወጣል፣ ፍርፋሪ እንኳ ከሶፋው ሥር ለቅሜያለሁ። የሰሊጥ ሃልዋ ነው የላክሁት፣ ለሁለታችሁም ይሆናል። ሌባውን ደግሞ ፈልገው። ካልሲ የሚሰረቅበት ካምፕ እንዴት የሰው አገር ሰላም ያስከብራል?

ምን አደረግሽው ላልከኝ፣ አባታችን ሲሞት ለቀብሩ አልደረስኩም። ያ ነው። ከሥራ አልለቀቁኝም። አገሩ እንዲህ ነው፤ ፈረቃህን ጥለህ ብትሄድ ስትመለስ ቦታህ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ታገኛለህ። በዚህ ሰፈር አባቱን ያልቀበረ፣ እናቱን ያልቀበረ ስንት ሰው አለ። ቤቱ ድንኳን ጥሎ፣ አልቅሶ፣ ሰው አስተዛዝኖት ነው የሚቀመጠው። ወንድሙ ስድስት ዓመት ያኮረፈው ግን እኔን ብቻ ነው።

ይኼን ደብዳቤ አንብብለት። አልቀበልም ካለ ጮክ ብለህ አንብብለት፣ ጆሮውን መዝጋት አይችልም። የስሙ ነገር የወረቀት ነገር ነው፣ የሞላችው ሴትዮ ናት፣ እኔ ምን ላድርግ? ከሱኮት በፊት አምስት ወር ነው የቀረኝ። መቃብሩ የት እንደሆነ ይናገርና ከፈለገ እስከ ዕለተ ሞቱ ያኩርፍ።

ሐረግ


ከካምፕ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐረግ፣

ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ቦቴውን እያጠበ ነበር። "ከሥራ አልለቀቁኝም" የሚለው ጋ ስደርስ የውኃውን ጎማ ከፈተው። ድምፄን ከፍ አደረግሁ፣ እሱም ጨመረ። የአንድ ቀን ውኃ መሬት ላይ ሲፈስ አዛዡ ደርሶ ሁለታችንንም ተቆጣን። እኔ ላይ የሦስት ቀን ተጨማሪ ጥበቃ ተጥሎብኛል። ይኼን እንዲያውቁልኝ እፈልጋለሁ።

በማግስቱ ምሳ ላይ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ሳልጠይቀው ተናገረ። ቃሉን እንዳለ እጽፈዋለሁ።

"እመጣለሁ ብላኝ ነበር። ካህናቱ ይቀበር ሲሉ፣ ዘመድ ሲቆጣኝ፣ እህቴ መንገድ ላይ ናት ብዬ አስከሬኑን አንድ ቀን አስቆየሁ። አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ከጠዋት እስከ መጨረሻው በረራ ቆምኩ። ሰው ሁሉ ወርዶ አለቀ። ስልኳ ዝግ ነው። ተመልሼ ብቻዬን ቀበርኩት። ሰዉ ምን እንዳለኝ እሷ አልሰማችም።"

ይኼን ብሎ ምሳውን ሳይጨርስ ተነሣ።

አሁን ያልገባኝ አለ። ከሥራ ካልለቀቁዎ እመጣለሁ ለምን አሉት? ስልክዎስ ለምን ተዘጋ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ታናሽዎ ነኝ፣ ልጠይቅ አይገባኝም ነበር። ግን ያንን ደብዳቤ በራሴ አፍ ነው ያነበብኩት። ውሸት ከሆነ ሁለተኛ አላነብም። ሌላ አለኸኝ ይፈልጉ።

ሃልዋው ግሩም ነው። ግማሹ ከሣጥኔ ጠፍቷል። ሌባው ጣፋጭም ይወዳል ማለት ነው።

አለኸኝ እንግዳ


አፉላ
ጁን 29 ቀን 2025

ለአለኸኝ እንግዳ፣

የዘገየሁት በእኔ አይደለም። ሮኬት ሲመጣ ኤርፖርቱ ተዘጋ፣ ማዓዛም ከነሻንጣዋ ቀረች፣ እኛም ስንት ቀን ሳይረን በጮኸ ቁጥር ወደ መጠለያው ስንወርድ ስንወጣ ከረምን። ናዖሚ እዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ስለ ቋንጣው ይቅርታ ጠየቀችኝ። እዚያ ሆኜ ያንተን ደብዳቤ ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ተናደድኩብህ። ከዚያ የምናደድበት አጣሁ።

ከሥራ አልለቀቁኝም ያልኩት ውሸት ነው። ጠይቄያቸውም አላውቅም። ወንድሜ ሲደውል ፓስፖርቴ ጊዜው ካለፈ ሁለት ወር ሆኖት ነበር። አውቀው ነበር። እሱ እያለቀሰ "ትመጫለሽ አይደል?" ሲለኝ አልችልም ማለት አቃተኝ፣ እመጣለሁ አልኩ። ከዚያ ደውዬ ዋሽቼሃለሁ ለማለት አፈርኩ። በማግስቱ ጠዋት ሻንጣ ይዤ ወደ ታሐና መርካዚት፣ ወደ አውቶቡስ ጣቢያው ወረድኩ። ፓስፖርት የሌለው ሰው ሻንጣ ምን ያደርግለታል? እስከ ዛሬ አላውቀውም። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ወታደሮች ይወርዳሉ፣ ይሳፈራሉ፣ አንዱ ቦታ አለ ወይ ብሎ አጠገቤ ተቀመጠ። ወደ ኤርፖርቱ የሚያገናኘው አውቶቡስ ሦስት ጊዜ መጥቶ ሦስት ጊዜ ሄደ። እሱ አዘዞ ቆሞ ሲጠብቀኝ እኔ እዚህ ተቀምጬ አውቶቡስ ስሸኝ ዋልኩ። ስልኩ ሲጠራ መስማት ስላልቻልኩ ዘጋሁት። ከዚያ ሻንጣዬን እየጎተትኩ ጊቫት ሃሞሬ ወጣሁ። ይኼን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ ለባሌም ቢሆን።

የስሙንም ነገር በሴትዮዋ ላይ ማላከኬ ልክ አይደለም። ማስተካከል ከፈለግሽ ይኼን ቅጽ ሙዪ ብለውኝ ያውቃሉ። መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። አባቴ ከሞተ በኋላ ደግሞ ስሙን መጻፍ ፈራሁ።

የአሁኑ ካርቶን ላንተ አይደለም፣ እንዳትከፍተው። በአራቱም ጎን "አለኸኝ ማንያዘዋል እንግዳ" ብዬበታለሁ። ማንያዘዋል ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ሮን ከኋላዬ ነበር፣ "ሚ ዜ ማንያዘዋል?" አለኝ፤ ማነው ማለቱ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። የአያቱን ስም አያውቅም። አያትህ፣ አያትህ እያልኩ ነው ያሳደግሁት። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ እሱም ደንግጦ ውኃ አመጣልኝ። ከዚያ አራት ጊዜ ጻፍኩት።

ይኼን ደብዳቤ አንብብለት። ውኃውን ቢከፍት ዝም ብለህ ቁም፣ ሲያልቅ ትቀጥላለህ። ስለ ሦስቱ ቀን ጥበቃ ይቅርታ።

ሐረግ ማንያዘዋል


ከካምፕ
ሐምሌ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእትዬ ሐረግ፣

አላነበብኩለትም። ይኼን እኔ ላነብ አይገባም ብዬ ሰጠሁት። ቦቴው መወጣጫ ላይ ተቀምጦ ራሱ አነበበ። ካርቶኑንም አልመለሰልኝም። የዚያን ቀን ውኃ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ደረሰን፣ ሁሉም ሲያጉረመርም ምክንያቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ዛሬ የታጠፈ ወረቀት ሰጠኝ። "እንዳታነብ፣ አንተ የሰው ደብዳቤ ማንበብ ትወዳለህ" አለኝ። ሳልገልጠው ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። የእኔ ያልሆነ ደብዳቤ ሳላነብ ሳሳልፍ የመጀመሪያዬ ነው።

እንግዲህ ለእኔ የሚላክ አይኖርም። ምናልባት ግን ካርቶኑ ጥግ ላይ ቦታ ቢተርፍ፣ የእግሬ ቁጥር አርባ አምስት ነው።

አክባሪ ወንድምዎ
አለኸኝ እንግዳ


ሐምሌ 20

ሐረግ፣

ካርቶኑ ደርሶኛል። ስሜ ስለሆነ ከፍቼዋለሁ።

ዳቦ ቆሎሽ ዛሬም ጨው ይበዛበታል። ሃልዋው ደህና ነበር። ካልሲው እግሬ ላይ ነው፣ ያ የጎጃም ሰው ለጥጦታል። አንቺ አትንገሪው፣ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።

የፓስፖርቴ ጊዜ አልፏል ብትዪኝ ኖሮ በዚያው ቀን እቀብረው ነበር። ስድስት ዓመት አላኮርፍሽም ነበር። ይኼን ደጋግሜ አስቤ ነው የምጽፍልሽ።

መቃብሩን በወረቀት አልነግርሽም። ብነግርሽም አታገኚውም፤ ድንጋይ ተክዬበታለሁ፣ ስም ግን የለበትም። ሁለታችን ስንሆን ይጻፋል ብዬ ትቼዋለሁ። ስሙን አንቺ ትጽፊዋለሽ፣ አሁን እጅሽ ለምዷል። ሮን መምጣት ከቻለ ይምጣ።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። መስከረም 30 ቀን በጠዋቱ በረራ አዘዞ እወርዳለሁ። እኔ አንድ ቀን ቆሜ ጠብቄሻለሁ። አሁን አንቺ ቀድመሽ ድረሺና ጠብቂኝ። የእኛ በረራ ሊዘገይ ይችላል፣ ብዘገይም እንዳትሄጂ።

ስልክሽን አትዝጊ።

አለኸኝ ማንያዘዋል